ለአዲስ አኳሪየም እርሾ መጣል

አዲስ አኳሪየም በሞላ በማግስቱ ዓሣ ያስገባ ሰው ሳምንት ሳይሞላው ሬሳ ማውጣት ይጀምራል። ውሃው ኩልል ያለ ስለሆነ በሽታ ይመስለዋል። ገዳዩ ዓሣው ራሱ በስንጥቡ የሚያወጣው አሞኒያ ነው። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ደግሞ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ፤ አዲስ ገንዳ ውስጥ ግን ገና አልተባዙም። ሊጥ ያለ እርሾ እንደማይቦካ ቁጠሩት፤ እርሾው እነዚህ ባክቴሪያዎች ናቸው።

60 ሊትር የሚይዝ ገንዳ እንውሰድ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን እርሾውንም ስለሚገድል ክፍት ባልዲ ውስጥ በአየር ፓምፕ እያንተከተኩ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ማቆየት ይገባል። ሂተሩን 26 ዲግሪ ላይ ያድርጉት፤ የደብረ ማርቆስ ክረምት ያለ ሂተር ሥራውን ለወራት ይጎትተዋል። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ያንሳል፣ ባክቴሪያዎቹም ያለ ኦክስጅን አይሠሩም። ስለዚህ የአየር ፓምፑ ሌትም ቀንም አይጠፋም።

ከዚያ ለባክቴሪያዎቹ ምግባቸውን፣ አሞኒያን፣ መስጠት ነው። የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ጥሬ የቀረሶ ዓሣ ሥጋ በስቶኪንግ ቋጥሮ መንከር ይበቃል፤ ይሸታል፣ ቻሉት። አሞኒየም ክሎራይድና ትንሽ ሚዛን ያለው ሰው 0.4 ግራም ቢጨምር በሊትር 2 ሚሊ ግራም ገደማ አሞኒያ ያገኛል። «ዩሪያስ?» የሚል አይጠፋም፤ ጎጃም ነውና ማዳበሪያ ቅርብ ነው። ዩሪያ ወደ አሞኒያ የሚለወጠው ቀስ ብሎ ስለሆነ የአሞኒያ መመርመሪያው መጀመሪያ ላይ አያሳየውም፤ ሰውም ሲደጋግም ከልክ ያልፋል። ይቅርባችሁ።

በፈሳሽ መመርመሪያ በሁለት ቀን አንዴ ይለኩ። አሞኒያው መውረድ ሲጀምር ናይትራይት ይወጣል፣ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ላይ ነው፤ ለሳምንታት ንቅንቅ አይልም። በሊትር ከ5 ሚሊ ግራም ካለፈ ግማሹን ውሃ ይቀይሩ። ፒኤች (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ከ6.5 በታች ከወረደም ባክቴሪያዎቹ ይፈዛሉ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በኩባያ ውሃ አሟሙቶ ቀስ በቀስ መጨመር ነው። ጠቅላላው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

የሚሠራ አኳሪየም ያለው ጎረቤት ካለ ከፊልተሩ (ከውሃ ማጣሪያው) የስፖንጅ ቁራጭ ይለምኑ። በራሱ ገንዳ ውሃ አርጥበው በፌስታል ያምጡት፤ በቧንቧ ውሃ ከታጠበ እርሾነቱ አለቀ። የጣና ውሃ በጀሪካን ማምጣት ግን ጥገኛ ተባይ ከመጋበዝ አያልፍም፤ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት ስፖንጅና ጠጠር ላይ ተጣብቀው ነው።

መድረሱን ማወቂያው፦ ማታ በሊትር 2 ሚሊ ግራም አሞኒያ ተጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ከሆኑ ደርሷል። ከውሃው ሁለት ሦስተኛውን ቀይረው ሦስት አራት ትንንሽ ዓሣ ያስገቡ፤ ቀሪዎቹ በየሁለት ሳምንቱ ይከተላሉ።

መብራት ከአንድ ሰዓት በላይ ከጠፋ ስፖንጁን ከፊልተሩ አውጥተው ገንዳው ውስጥ ያንሳፍፉት። ተዘግቶ ከቆየ ባክቴሪያዎቹ ታፍነው ያልቃሉ፣ መብራት ሲመጣም ፊልተሩ ግማቱን ወደ ዓሣው ይረጫል። እስከዚያው በየጊዜው ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከከፍታ መልሰው ያንቆርቁሩት።