አገር ስጠኝ፦ ምትሃታዊ ዕቃ ስለሚጠብቅ እንቆቅልሽ

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው አፓርታማችን ሳሎን ውስጥ፣ አምስት ጓደኞቼ አንድ የድንጋይ በር ፊት አርባ ደቂቃ ቆመው ቀሩ። በሩ የነበረው በእኔ ደብተርና በእነርሱ ምናብ ውስጥ ብቻ ነው። የምንጫወተው ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ያወጡትን ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ለማስረዳት ያህል፣ አንዱ ሰው የጨዋታ መሪ ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው በዚያ ዓለም ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ፤ ውጤቱ አጠራጣሪ የሆነ ነገር ሲመጣ ደግሞ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይጣላል። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የሚቀጥለውን ታሪክ ዘመቻ እንለዋለን። መሪው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የበሩም ጥፋት የእኔ ነው።

በበሩ ላይ የተቀረጸው እንቆቅልሽ «ሲሰጡት ይበዛል፣ ሲደብቁት ይጠፋል» የሚል ነበር። ከበሩ ጀርባ የምትነድ ጎራዴ አስቀምጬ ስለነበር መልሱ «እሳት» መሆኑን አልተጠራጠርኩም፤ ከምድጃ ላይ ለጎረቤት ፍም ቢሰጡ እሳቱ ይራባል እንጂ አይጎድልም፣ አፍነው ቢደብቁት ግን ይሞታል። ጓደኞቼ መጀመሪያ «ዕውቀት» አሉ። ቀጥሎ «ፍቅር»፣ ከዚያም «ሳቅ» መጣ። ሌባዋን የምትጫወተው ልጅ «ሐሜት» ስትል ሁላችንም በሳቅ ፈነዳን፤ አሁን ሳስበው በሩ እዚያው ላይ መከፈት ነበረበት። እኔ ግን ደብተሬ ላይ የተጻፈው «እሳት» ስለሆነ ለሁሉም «አይደለም» ማለቴን ቀጠልኩ። በአርባኛው ደቂቃ አንዱ ማድ ቤት ገብቶ ሲኒ ያጥብ ነበር፣ ሌላው ስልኩን ይነካካል፣ እኔም ተሸንፌ መልሱን ነገርኳቸው። የተደሰተ ሰው አልነበረም። ጠንቋዩን የሚጫወተው ጓደኛዬ «ኧረ ዕውቀት ይሻል ነበር» አለ፤ ልክ ነበር።

ያን ማታ ካበላሸሁት ውስጥ ለማረም የቀለለው የጥያቄው ስፋት ነው። አሁን አንድ እንቆቅልሽ ስጽፍ፣ ከእኔ መልስ ሌላ የሚገጥሙትን መልሶች ሁሉ በወረቀት ላይ እደረድርና እነርሱን የሚጥል አንድ መስመር እፈልጋለሁ። ለእሳቱ ያገኘሁት ሦስተኛ መስመር «ሲያጠጡት ይሞታል» የሚል ነው። ዕውቀት ውሃ ቢያጠጡት ምንም አይሆንም፤ ሐሜትም ቡና ሲያጠጡት ይብስበታል እንጂ አይሞትም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሁለት መልሶች እኩል የሚገጥሙ ከሆነ፣ ሁለቱንም መቀበል የመሪው ግዴታ ይመስለኛል። የታወቀ እንቆቅልሽ መበደር ግን አያዋጣም፤ ጠዋት በአራት፣ ቀትር በሁለት፣ ማታ በሦስት እግር ስለሚሄደው ፍጡር የግሪኩ ስፊንክስ የጠየቀችውን ገና ጀምረው ሳይጨርሱ የሚመልስ ሰው በየጠረጴዛው አለ፣ የማያውቀውም ሰው ስልኩ ያውቅለታል።

የከበደኝ ሌላ ጥያቄ ነበር፦ ለመሆኑ አንድ ሰው ዕቃውን በእንቆቅልሽ የሚያስጠብቀው ለምንድን ነው? ዕቃው በማንም እጅ እንዳይገባ የፈለገ ሰው ይቀብረዋል፣ ባሕር ውስጥ ይጥለዋል፣ ወይም ክፍሉን በድንጋይ ይደፍነዋል እንጂ ተቀምጦ ግጥም አይጽፍም። እንቆቅልሽ የጻፈ ሰው የሚገባ ሰው እንዲኖር ፈልጓል፤ የፈለገው ደግሞ ስለ ዕቃው አንድ ነገር የተረዳ ሰው እንዲገባ ነው። ይህን ካሰብኩ በኋላ መልሱ ከዕቃው ባሕርይ ጋር የማይገናኝ እንቆቅልሽ መጻፍ አቆምኩ።

ለምሳሌ በዘመቻችን ውስጥ አንዲት አሮጊት ጠንቋይ ለደቀ መዝሙሯ የተወችው ካባ አለ። ካባው የለበሰውን ሰው ከዓይን ይሰውራል፤ ነገር ግን ኃይሉን የሚያገኘው ከለባሹ ጥላ ስለሆነ፣ ብርሃን በማይገባበት ዋሻ ውስጥ ከተራ ጨርቅ አይለይም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 በወጣው የጨዋታው አምስተኛ እትም ደንብ መሠረት ብዙዎቹ ኃይለኛ ዕቃዎች ከባለቤታቸው ጋር መስማማት አለባቸው፤ ለዚህም ባለቤቱ ቢያንስ የአንድ ሰዓት ዕረፍት ወስዶ ዕቃውን ይዞ መቀመጥ ይኖርበታል፣ በአንድ ጊዜም ከሦስት ዕቃዎች በላይ ማስማማት አይችልም። እንቆቅልሹን ከበር ላይ አንስቼ እዚህ ሰዓት ውስጥ አስገባሁት። ሰውየው ካባውን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲቀመጥ፣ ካባው በአሮጊቷ ድምፅ እንዲህ ይለዋል፦

ስትከተለኝ ውላ፣ ከእግሬ ሳትለየኝ፣
ብርሃን ብታጣ ጥላ ሄደችብኝ።

ሰሙ ታማኝ መስላ ቆይታ ክፉ ቀን ሲመጣ ጌታዋን ጥላ የሄደች ሴት ታሪክ ነው። ወርቁ ብርሃን ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋው የሰው ጥላ ነው፤ ኅብሩም «ጥላ» የሚለው ቃል ላይ ተቀምጧል። ይህን የፈታ ተጫዋች የካባውን ድክመት ሳይነገረው ያውቀዋል፣ ስለዚህም ዋሻ ሲገባ ችቦ ይዞ ይገባል። ያልፈታው ተጫዋች ደግሞ ካባው እንደሚሰውረው ተማምኖ ጨለማ ውስጥ ዘንዶ ፊት ለፊት ይቆማል።

በዚህ ግጥም ኮርቼ ነበር። ይሁን እንጂ ከአምስቱ ጓደኞቼ ሁለቱ ያደጉት እዚሁ ሜሪላንድ ነው፤ አማርኛ ይሰማሉ፣ ይመልሳሉ፣ «ጥላ» ሲባል ግን ወደ አእምሯቸው የሚመጣው ከሁለቱ ትርጉሞች አንዱ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ያደጉት ሦስቱ በአንድ ጊዜ ሲስቁ እነርሱ ሰሙን ይዘው ቀሩና፣ ጌታዋን የከዳችው ሴት ማን እንደሆነች ለማወቅ የአሮጊቷን ቤት ሥዕሎችና ደብዳቤዎች መበርበር ጀመሩ። እኔ እንዲህ ያለች ሴት አላዘጋጀሁም ነበር። ደግነቱ መሪ መዋሸት ይፈቀድለታል፤ ወዲያውኑ አንዲት የከዳች አገልጋይ ፈጠርኩ፣ ደብዳቤዋም ውስጥ እመቤቷ «ሁልጊዜ መብራት አጠገብ» ትቀመጥ እንደነበር አስገባሁ። ሁለቱ ልጆች በሰሙ በኩል ዞረው ወርቁ ላይ ደረሱ፣ ሲደርሱም ደስታቸው ከሦስቱ በለጠ። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ እንቆቅልሽ ሰሙን ብቻ የያዘ ሰው የሚሄድበት መንገድ አስቀድሜ አዘጋጃለሁ።

አድማጩ የማያውቀውን ነገር የመጠየቅ ፍርደ ገምድልነት ከእኔ በፊት የፈጸመው ሶምሶን ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 14 ላይ ለሠርጉ ሠላሳ ሚዜዎች ከበላተኛው መብል፣ ከብርቱውም ጣፋጭ ስለ መውጣቱ እንቆቅልሽ ሲያቀርብላቸው፣ መልሱ ያረፈው እርሱ ብቻ ባየው ነገር ላይ፣ ማለትም በገደለው አንበሳ ሬሳ ውስጥ ማር በሠሩ ንቦች ላይ ነበር። ሰባት ቀን አይደለም ሰባት ዓመት ቢሰጣቸው በማሰብ አይደርሱበትም፤ ስለዚህ ሚስቱን አስፈራርተው መልሱን አወጡ። ተጫዋቾችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ጥያቄው የማይፈታ ሲሆንባቸው ጠባቂውን ይደልላሉ፣ ግድግዳውን ያፈርሳሉ፣ በዚህም አልፈርድባቸውም።

ስለ ዳይስ ብዙ አልልም። ገጸ ባሕርዩ ሊቅ ሆኖ ተጫዋቹ ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ በደንቡ መካከለኛ ለሚባል ፈተና የሚጠየቀውን 15 ላገኘ ሰው አንድ ፍንጭ እሰጣለሁ፤ መልሱን ግን በዳይስ አልሸጥም።

ወደ አርባው ደቂቃ ልመለስ፣ ምክንያቱም ከሁሉ የባሰው ስሕተት እዚያ ነበር። በማግሥቱ እሑድ እማዬ ማድ ቤት ሽንኩርት ስትከትፍ ቆሜ «እንቆቅልሽ» አልኳት። ቀና ሳትል «ምን አውቅልህ» አለች። ያንኑ የበሩን ጥያቄ ነገርኳት። ሁለት ጊዜ ሞክራ ሲያቅታት «አላወቅሁትም» አለችና ቢላዋውን አስቀመጠች። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ በለመደው መንገድ «አገር ስጪኝ» አልኩ። «ኮምቦልቻን ሰጠሁህ።» «ኮምቦልቻ አትበቃኝም።» «እንግዲያው ደሴን ውሰድ፤ ከደሴ በላይ የለኝም።» «ደሴ ገብቼ ምን አጥቼ!» ብዬ መልሱን ነገርኳት፤ እርሷም «እሳት እንኳ አይመስልም» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ሁሉም ነገር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ሳድግ ስንት መቶ እንቆቅልሽ እንዳልመለስኩ አላስታውስም፣ ነገር ግን አንድም ጊዜ አንዱ ላይ ተገትሬ አልቀረሁም። የማያውቅ ሰው አገር ይሰጣል፣ መልሱን ይሰማል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። የእኔ የድንጋይ በር ግን የማያውቀውን ሰው ምንም ሳያስከፍለው ብቻ አቁሞታል። የግሪኳ ስፊንክስ ቢያንስ ታስከፍል ነበር፣ የሳተውን ሰው ትበላዋለች፤ ይሁን እንጂ ገጸ ባሕርያቱን በሙሉ የሚበላ ጠባቂ ዘመቻውንም አብሮ ይበላል። ገጸ ባሕርዩ ሲቆስል በሚቀነስበት የጤና ነጥብ ማስከፈልም ፋይዳ የለውም፣ ምክንያቱም በደንቡ መሠረት አንድ ሌሊት የተኛ ሰው ነጥቡ ይመለስለታል። መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 ላይ ንግሥተ ሳባ ሰሎሞንን በእንቆቅልሽ ልትፈትነው መምጣቷ ተጽፏል፤ ጸሐፊው የጠየቀችውን አንድም እንቆቅልሽ ሳይነግረን ለንጉሡ የሰጠችውን ወርቅ ግን 120 መክሊት ብሎ መዝግቦታል።

ስለዚህ በቀጣዩ ወር አንድ ቀለበት የያዘ ሳጥን ፊት የተቀመጠ ሽማግሌ የድንጋይ ሰው ጻፍኩ፤ ያልመለሰለትን ሰው «አገር ስጠኝ» ይለዋል። ደንቡ ቀላል ነው፤ የሚሰጡት አገር እግራቸው የረገጠው መሆን አለበት፣ ጠባቂው የተሰጠውን ንቆ ሊመልስ ይችላል፣ የተቀበለው ቀን ግን ያ አገር የእርሱ ነው፣ ሳጥኑም ይከፈታል። ቡድኑ ጥያቄውን ሳተና፣ ብልጥ መስሏቸው ሦስት ጎጆ ብቻ ያላትን የጀልባ መሻገሪያ አቀረቡ። ሽማግሌው «ይህ አገር ነው? ጨምሩ» አላቸው። ከዚያ በኋላ የተነሣው ክርክር በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ከሰማሁት ሁሉ የበለጠ ነበር፤ አንዱ ዕዳ ያለበትን ከተማ መስጠት ይፈልጋል፣ ሌላው መሣሪያ የሚገዛበትን ገበያ አሳልፎ አይሰጥም፣ እኔ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንድ ቃል አልተናገርኩም። በመጨረሻ የካህኑ ገጸ ባሕርይ እኅት የምትኖርበትን ወደብ ሰጡ። ካህኑን የሚጫወተው ጓደኛዬ ያን ጊዜ አልተቃወመም፣ ምናልባት እኅቱ የትኛው ከተማ እንደምትኖር ዘንግቶ ይሆናል።

ከአራት ሳምንት በኋላ ወደዚያ ወደብ ተመለሱ። የከተማው በር ጠባቂ አላወቃቸውም። ገበያው ውስጥ ዋጋ የጠየቀ ሰው መልሱን የሚያገኘው ጥያቄ ከመለሰ በኋላ ነው። ካህኑ የእኅቱን ቤት አንኳኳ፣ ስሙንም ተናገረ፣ ከውስጥ በኩል የመጣው ድምፅ ግን «እንቆቅልሽ» የሚል ብቻ ነበር። ጓደኛዬ እንደ መቀለድ ዙሪያውን አየ፣ ማንም አልሳቀለትም፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን አውቅልሽ» አለ።

ጠባቂው እስካሁን ሦስት አገር ይዟል፣ ካርታው ላይም በቀይ እስክሪብቶ ከብቤያቸዋለሁ። ለሚመጣው ቅዳሜ ያዘጋጀሁት ዕቃ የሞቱ ወታደሮችን የሚጠራ ነጋሪት ሲሆን፣ እንቆቅልሹም «በሕይወት ሳለሁ ሣር ጋጥኩ፣ ከሞትኩ ወዲህ እጮሃለሁ» ይላል። እንደ ልማዴ ትናንት ለእማዬ አቀረብኩላት። አፍታም ሳትቆይ «ጅራፍ» አለች፣ ራሱ ገርፎ ራሱ የሚጮኸው ጅራፍ ማለቷ ነው፤ ጅራፍም የሚገመደው ከቆዳ ነው። ቀንደ መለከትም እንደሚገጥም ያን ጊዜ ታየኝ። «ሆዴ ባዶ ነው» ብል ጅራፍን እጥላለሁ፣ «ሲመቱኝ» ብል መለከትን እጥላለሁ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ብጽፍ ግን ነጋሪቱን ራሱን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጤ ነው። ስለዚህ ሁለቱ መስመሮች እንዳሉ ይቀራሉ፣ ጅራፍ ላለ ሰውም አንድ በር ይከፈታል። ከዚያ በር ጀርባ ምን እንዳለ ገና አልወሰንኩም።