ሐይቁን ተሻገርኩ፤ ዋና የተማርኩት ግን ከዚያ በኋላ ነው

ባለፈው ነሐሴ እዚህ ሲያትል የመጀመሪያ ትራያትሎኔን ጨረስኩ። 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ። ይሄ አጭሩ ነው፤ ኦሊምፒክ ላይ የሚደረገው የዚህ እጥፍ ነው። ሜዳሊያ አንገቴ ላይ አድርጌ የተነሳሁትን ፎቶ ያዩ ጓደኞቼ "አንበሳ!" አሉኝ። ፎቶው የማያሳየውን ልንገራችሁ።

ከዋሽንግተን ሐይቅ የወጣሁት ከ31 ደቂቃ በኋላ ነው። ከእኔ ኋላ የቀሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሦስት ጊዜ የነፍስ አድኖቹን ታንኳ ይዤ አርፌያለሁ። ታንኳው ወደ ፊት እስካልወሰደሽ ድረስ ይዞ ማረፍ ይፈቀዳል። ሁለተኛው ላይ ታንኳዋን የያዘችው ሴት "ላውጣሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። ራሴን በእምቢታ ነቀነቅኩ። መናገር አልቻልኩም፤ ትንፋሼ ተቆርጦ ነበር። የቀረውን በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ሰማይ እያየሁ ነው የጨረስኩት።

ብስክሌቱ ደህና ነበር። ሩጫው ላይ ደግሞ ሰው እያለፍኩ ገባሁ። ታዲያ ከማታ ሥራ ወጥቼ 10 ኪሎ ሜትር ሮጬ የማልደክም ሴት፣ 100 ሜትር ሳልዋኝ ለምን ትንፋሽ ያጥረኛል? ይሄ ጥያቄ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

ያደግኩት ቀበና ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ቡናማ ሆኖ ይሞላል። ሌሊት ድንጋይ ሲያንከባልል እንሰማው ነበር። አንድ ክረምት የጎረቤታችንን ልጅ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ እናቴ "ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው" ሳትል የዋለችበትን ቀን አላስታውስም። ወንድሞቼ ተደብቀው ይወርዱ ነበር። እኔ ሴት ልጅ ነኝ፤ የሚታሰብም አልነበረም። 38 ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ፊቴን ውሃ ውስጥ ነክሬ አላውቅም። ለውድድሩ የተዘጋጀሁትም በአንድ ክረምት ነው፤ ላለመስጠም የሚበቃ ያህል ብቻ ተምሬ።

ከውድድሩ በኋላ ወደ ፑሉ ተመለስኩ። የምዋኘው 23ኛው ጎዳና አጠገብ ባለው በሜድጋር ኤቨርስ ፑል ነው። ሜድጋር ኤቨርስ እ.ኤ.አ. በ1963 ሚሲሲፒ ውስጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ የተገደለ የጥቁሮች መብት ታጋይ ነው። እሱ በኖረበት ሚሲሲፒ ጥቁርና ነጭ አንድ ገንዳ ውስጥ አይዋኙም ነበር። ይህን ካወቅኩ ጀምሮ በሩን ስገባ ስሙን ቀና ብዬ ሳላይ አላልፍም።

መጀመሪያ ያወቅኩት ነገር ስሌቴ ስህተት እንደነበር ነው። የፑሉ ርዝመት 25 ነው ሲሉኝ ሜትር መስሎኝ ነበር። ለካ 25 ያርድ ነው፤ 23 ሜትር እንኳ አይሞላም። ለውድድሩ ስዘጋጅ 30 ጊዜ ዋኝቼ "750 ሞላ" እያልኩ እወጣ ነበር። በእውነቱ 686 ሜትር ገደማ ነው የዋኘሁት። ያውም በየጫፉ ግድግዳ ይዤ እያረፍኩ። ሐይቅ ግድግዳ የለውም።

ሁለተኛውን ያስተማረችኝ እዚህ ተወልዳ ያደገች የሐበሻ ልጅ ናት። የፑሉ ነፍስ አድን ነች፤ ገና ሃያ አልሞላትም። አንድ ቀን ጫፉ ላይ ቁና ቁና እየተነፈስኩ ቆሜ ሳለ መጥታ ቁጢጥ አለች።

"አክስቴ፣ ውሃ ውስጥ ትንፋሽሽን ትይዢዋለሽ። ለምን?"

"ውሃ እንዳይገባብኝ ነዋ።"

"አይገባም። አውጪው። ሁልጊዜ አውጪው። ሕምምም በይ።"

ፊቴን ነክሬ ሕምምም አልኩ። አረፋው በጉንጬ አልፎ ወጣ። ቀና ስል አየሩ ራሱ ገባ፤ መሳብም አላስፈለገኝ።

በኋላ ሳነብ ነገሩ ገባኝ። የትንፋሽ ጭንቀቱን የሚያመጣው በአብዛኛው የኦክስጅን ማነስ አይደለም፤ ያልወጣው የተቃጠለ አየር መከማቸቱ ነው። እኔ ትንፋሼን አፍኜ እይዝና ጭንቅላቴን ሳወጣ በዚያች ቅጽበት ማስወጣትም ማስገባትም እሞክር ነበር። እንዴት ይበቃል? ያን ቀን መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። የደስታ ነው። ሰውነቴ ችግር እንዳለበት ለራሴ ነግሬው ነበርና።

ሌላው እግሬ ነው። ውሃ ከአየር 800 እጥፍ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ጉልበት ከመጨመር ይልቅ የሚገጥምሽን ውሃ መቀነስ ይሻላል። እኔ ለመተንፈስ ጭንቅላቴን ቀና ሳደርግ ወገቤና እግሬ ወደ ታች ይወርዳሉ። ያኔ ዋና አይደለም፤ እርሻ ነው። እግሬ እንደ ማረሻ ውሃውን እየሰነጠቀ ይጎተታል። አሁን ዓይኔ የፑሉን ወለል ያያል፤ ስተነፍስ አንገቴን ሳይሆን መላ ሰውነቴን ወደ ጎን አዞራለሁ። የሯጭ ቁርጭምጭሚት ደግሞ ደረቅ ነው። ተንሳፋፊ ሰሌዳ በእጄ ይዤ በእግሬ ብቻ ስመታ ካለሁበት አልንቀሳቀስም ነበር። ልጅቷ ተንበርክኬ ተረከዜ ላይ እንድቀመጥ ነገረችኝ። እሁድ ቡና ሳፈላ በርጩማውን ትቼ እንዲያ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ያማል። ከሁለት ወር በኋላ ለቀቀኝ።

መስከረም ላይ አንዱን ርዝመት ለመጨረስ 28 ጊዜ እቀዝፍ ነበር። አሁን 20 ነው። 100 ያርድ ከ3 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ወደ 2 ደቂቃ ከ18 ወርዷል። ለሌላ ሰው ቁጥሩ ትንሽ ነው። ለእኔ የስምንት ወር ሕይወት ነው።

በዚህ መሃል ኢትዮጵያዊው ዋናተኛ ሮቤል ኪሮስ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ጨርሶ 59ኛ ሲወጣ ዓለም ሳቀበት። እኔም ስልኬ ላይ የመጣልኝን ፎቶ እያየሁ ስቄያለሁ። አሁን 1 ደቂቃ ከ5 ምን ማለት እንደሆነ በክንዴ አውቀዋለሁ። ባገኘው ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ የምሬን ነው።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ወደ ሐይቁ ተመለስኩ። ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር፣ ብርቱካናማ ተንሳፋፊ ወገቤ ላይ አስሬ፣ ከሴዋርድ ፓርክ ዳርቻ ብዙ ሳልርቅ። ብቻዬን አልገባም፤ እናንተም አትግቡ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ መጀመሪያ ደረቴን ጨመደደኝ። እጄን ለታንኳ ዘረጋሁ። ታንኳ የለም። ቆም ብዬ ፊቴን ነከርኩና ሕምምም አልኩ። ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ መቅዘፍ ጀመርኩ። በየስምንት ቀዘፋው ዓይኔን ብቻ ከውሃው ከፍ አድርጌ ዳር ያለውን ትልቅ ዛፍ አያለሁ፤ ወዲያው ወደ ውሃው እመለሳለሁ። መሃል ላይ ሕምታው ዜማ ሆኖ ነበር፤ እናቴ ስታስተኛን የምታንጎራጉረው።

ቤት ገብቼ በቪዲዮ ደወልኩላት። እርጥብ ፀጉሬን አየችው።

"ዝናብ ነው?"

"አይ እማዬ፣ ሐይቅ ውስጥ ነበርኩ።"

ዝም አለች። ውድድሩንም ካለፈ በኋላ ነበር የነገርኳት።

"ጥልቁ ጋ?"

"አዎ።"

"ትንፋሽሽስ?"

"እያንጎራጎርኩ አወጣዋለሁ።"

"እስቲ አሰሚኝ" አለች።

አፌን ገጥሜ ጀመርኩላት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ተቀበለችኝ።