ከታች በግራ በኩል ያለችው ሳጥን

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ያገለገሉ መጻሕፍትና የቆዩ ኮሚኮች (በሥዕል ታሪክ የሚነግሩ መጽሔቶች) የሚገዛና የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነው። ሰው ካርቶን ተሸክሞ ሲመጣ እየመረመርኩ ዋጋ የማወጣው እኔ ነኝ። አሜሪካ ልጅ ያሳደጋችሁ ቤታችሁ ውስጥ አንድ ካርቶን ኮሚክ አይጠፋምና፣ አንድ ቅዳሜ የገጠመኝን ልንገራችሁ።

አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ትልቁን ቤታቸውን ሸጠው አፓርታማ ሊገቡ ስለሆነ የልጅነት ኮሚኮቻቸውን በሁለት ካርቶን ይዘው መጡ። አንዱን ግን ለብቻው በላስቲክ አድርገው በእጃቸው ይዘውታል። ማርቭል የተባለው የኮሚክ አሳታሚ በ1977 ያወጣው ስታር ዋርስ ቁጥር 1 ነው፤ ሽፋኑ ላይ 35 ሳንቲም ይላል።

«ይኼ ብቻውን ሺዎች ያወጣል፤ አንብቤያለሁ» አሉኝ።

ያነበቡት እውነት ነው። በዚያ ዓመት ማርቭል ዋጋውን ከ30 ወደ 35 ሳንቲም ከማሳደጉ በፊት ገዢው ይቀበለው እንደሆነ ለመፈተን፣ አንዳንድ አካባቢዎች ብቻ በ35 ሳንቲም የታተመ ቅጂ ላከ። የቀረው አገር የገዛው በ30 ነው። የ35ቱ ቅጂ ጥቂት ስለሆነ ሰብሳቢዎች ከ30ው ብዙ እጥፍ ይከፍሉበታል። ችግሩ፣ ስታር ዋርስ ተሸጦ ሲያልቅ በድጋሚ ታተመ፤ ድጋሚው ላይም 35 ሳንቲም የሚል አለ። ብርቁ ቅጂ ዋጋው የተጻፈው በአራት ማዕዘን ሳጥን ውስጥ ነው፤ ከታች በግራ ያለችው ሳጥንም የባርኮድ መስመሮች አሉባት። የእሳቸው ዋጋ የተጻፈው በዳይመንድ ቅርጽ ውስጥ ሲሆን የታችኛዋ ሳጥን ባዶ ነች።

«ከየት ነበር የገዙት?» አልኳቸው።

«እናቴ ከመደብር ያመጣችልኝ ነው። ሦስቱ አንድ ላስቲክ ውስጥ ታሽገው ነበር የሚሸጡት።»

በቃ፣ መልሱ እሱ ነው። እንደዚያ እየታሸጉ ለመደብሮች የተላኩት ድጋሚ እትሞች ናቸው። የእውነተኛውን ፎቶ ከእሳቸው ጎን አድርጌ አሳየኋቸው። ፊታቸው ቢጠቁርም አልተከራከሩኝም።

በዚህ መሀል አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ካርቶኖቹን ከፍቶ ርዕስና ቁጥር እያየ በስልኩ ዋጋ እየፈለገ ይለያል። አንድ የስፓይደርማን ኮሚክ አንስቶ የአንድ ዶላሩ ክምር ላይ ጣለ። «75 ሳንቲም ይላል፤ የካናዳ ነው፤ የውጭ ዕቃ ማን ይፈልገዋል?» አለኝ። ቁጥር 238 ነው፣ ማርች 1983፣ ሆብጎብሊን የሚባለው የስፓይደርማን ጠላት ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣበት። «ቆይ፣ እሱን ስጠኝ» ብዬ ተቀበልኩት።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ድሮ ኮሚክ የሚሸጠው እንደ ጋዜጣ በኪዮስክና በሱፐርማርኬት ነበር። ያልተሸጠው ለአከፋፋዩ ተመላሽ ስለሚሆን ነጋዴው አይከስርም፤ የተመለሰውም ይወገዳል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፊል ሱሊንግ የሚባል የኒውዮርክ ሰው ለኮሚክ ሱቆች ሌላ መንገድ ከፈተ፤ ሱቁ ከፍ ያለ ቅናሽ ያገኛል፣ ያልተሸጠውን ግን አይመልስም። በቅናሽ የተገዛው በኪዮስክ ስም ተመልሶ ገንዘብ እንዳይጠየቅበት ምልክት አስፈለገ። በማርቭል ኮሚኮች ላይ የሱቁ ቅጂ ባርኮድ መጀመሪያ መስመር ተሰመረበት፣ በኋላም በቦታው የስፓይደርማን ፊት ገባ። የኪዮስኩ ቅጂ ባርኮዱን እንደያዘ ቀረ። ለማጭበርበር መከላከያ የታሰበችው ሳጥን ዛሬ ዋጋ ትለያለች፤ ምክንያቱም የኪዮስኩ ቅጂ በሚሽከረከር የሽቦ መደርደሪያ ላይ ሲታሽ ውሎ ልጅ እጅ የገባ ነው፣ ንጹሕ ሆኖ የተረፈው ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። አንዳንድ ሻጮች ባርኮድ ባዩበት ሁሉ «የኪዮስክ ነው፣ ብርቅ ነው» ብለው ዋጋ ይቆልላሉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ የኪዮስኩ ቅጂ ሞልቶ የተረፈ ነበር። የኪዮስክ ቅጂ በእውነት እያነሰ የሄደው ሱቆቹ ገበያውን ከያዙ በኋላ ነው፤ ማርቭል በ2013፣ ሌላው ትልቅ አሳታሚ ዲሲ በ2017 ጭራሹን እስኪያቆሙት ድረስ። ዓመቱን ሳያዩ ስለ ባርኮድ ማውራት ገዢን ማታለል ነው።

የካናዳው ቅጂ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። የካናዳ ዶላር ስለወደቀ ከ1982 መጨረሻ ጀምሮ ማርቭል ለካናዳ ኪዮስኮች ለብቻ 75 ሳንቲም የሚል ሽፋን አተመ፤ የአሜሪካው 60 ሳንቲም ነበር። ሁለቱም የአንድ ኅትመት ሥራ ናቸው፣ ልዩነታቸው የሽፋኑ ዋጋ ብቻ ነው። ኮሚክ ሱቆች የሚሸጡት ቅጂ የሁለቱም አገር ዋጋ አንድ ላይ ተጽፎበታል። በ1986 ነገሩ ቆመ። የካናዳ ሕዝብ የአሜሪካ አንድ አሥረኛ ገደማ ስለሆነ የተላከው ቅጂ ስንት ሊሆን እንደሚችል ገምቱት። ለረጅም ጊዜ ሰብሳቢው «የውጭ ነው» እያለ ናቀው፤ ዛሬ ግን በተመሳሳይ ይዞታ ከአሜሪካው ይበልጣል።

ቀስ ብዬ መሀሉን ገለጥኩት። በዚህ ቁጥር ውስጥ በውኃ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የንቅሳት ወረቀት ነበረ፤ ያ ከጎደለ ዋጋው በጣም ይወርዳል። የእሳቸው ሳይነካ በቦታው አለ። ዋጋ ያለው ይኼኛው እንደሆነ ነገርኳቸው።

«እናቴ ንቅሳት አይነካህም ብላ ከልክላኝ ነው» አሉ፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ያደጉት በካናዳ ድንበር አጠገብ ባለችው በቡፋሎ ከተማ ነው፤ በየጊዜው ድንበሩን ተሻግረው አያታቸው ዘንድ ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ሲሄዱ ከሰፈሩ መድኃኒት ቤት ይገዙ ነበር።

ልጁ በኋላ ዕቃ ክፍል ውስጥ፣ «ሰውየው አላወቁትም እኮ፣ ለምን ነገርሻቸው?» አለኝ። ስታር ዋርሱ ተራ ነው ስላቸው አምነውኛል፤ በዚያው አፌ ሌላውን ብደብቃቸው የመጀመሪያውም ውሸት ይመስላቸዋል፤ ልክም ናቸው አልኩት። ሻጭ ዓይናችንን አምኖ ነው ካርቶኑን የሚያመጣልን።

ሰውየው 238ን አልሸጡልንም፤ የኮሚክን ይዞታ መርምሮ ደረጃ እያወጣ ለሚያሽገው ሲጂሲ ለተባለ ድርጅት ወደ ፍሎሪዳ ሊልኩት ወሰኑ። የካናዳ ቅጂ መሆኑ መለያው ላይ ይጻፍ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ይጻፋል አልኳቸው። ከዚያ ልጁን ጠርቼ ሁለቱንም ካርቶን እንደገና ከላይ እስከ ታች አየናቸው፤ በዚህኛው ዙር እሱ ዋጋውንና ሳጥኗን ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ። የአያታቸው አገር ሌሎች ጥቂት ቅጂዎችም ወጡ፤ አብዛኛው ጠርዙ የተበላ ነበር። የቀረውን በተስማማንበት ዋጋ ገዛናቸው።