አቅልጪልኝ ብዬ ነበር

የክርስትና ስሜ ወለተ ማርያም ነው። ደሴ ነው የምኖረው፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ግሸን ማርያም አቀበት ላይ ድንጋይ ተደግፌ «የማሕፀን ዕጢዬን አቅልጪልኝ፣ ለሰው እናገርልሻለሁ» ብዬ ተስያለሁ። ስለት ዕዳ ነውና ዛሬ ከዕዳዬ የምችለውን ልክፈል።

ነገሩ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው። አምስት ቀን የነበረው የወር አበባዬ ስምንት ሆነ፣ ከዚያ ዐሥር፣ ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት። የስፌት መኪናዬ ወንበር ላይ ጥቁር ጨርቅ አራት ዕጥፍ አድርጌ ማንጠፍ ጀመርኩ። ደንበኛ ሲመጣ ተነሥቼ መለካት አለብኝ። ከመነሣቴ በፊት ወንበሩን በእጄ ዳሰስ አደርጋለሁ፣ ከዚያ እጄን በጨርቅ ጠርጌ ሜትሩን ከአንገቴ አወርዳለሁ። ሴት የሆነች ሁሉ ይህ ምን እንደሆነ ታውቀዋለች፤ ለወንዶቹ አላብራራም።

ሆዴም ገፋ። ልጅ ሳንወልድ በትዳር ስምንት ዓመት የቆየን ሰዎች ነን፤ ሰው ገበያ ላይ «እሰይ! ስንት ወርሽ ነው?» ሲለኝ የምመልሰው ጠፋኝ።

መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም የአልትራሳውንዱን ወረቀት ገረፍ አድርጎ «የማሕፀን ዕጢ ነው፣ ማሕፀኑ ይውጣ» አለኝ። ወልጄ እንደሆነ እንኳ አልጠየቀኝም። ከክፍሉ ስወጣ ቀጣዩዋን ታካሚ በስሟ ጠራት። ያ አንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ ሐኪም ቤት እንዳልረግጥ አደረገኝ። ቀኑን ሙሉ በመቀስ የምውለው ሴትዮ ቢላ ፈራሁ።

በእነዚያ ሁለት ዓመታት ያልሞከርኩት የለም። ዱቄት የሚሰጡ ሰው ዘንድ ሄጄ ጠጥቼ ሦስት ቀን አስታወከኝ። አንዲት ዘመዴ ደግሞ «ምላጭ ከነካው ይባዛል» ብላ አሳመነችኝ። ጠበል ጠጣሁ፣ ተጠመቅሁ። ጠበሉን ዛሬም እጠጣለሁ፤ ያኔ ግን የፍርሃቴ መደበቂያ አድርጌው እንደነበር ልሸሽገው አልችልም።

ጥር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. በአስተርዮ ማርያም ከባለቤቴ ጋር ግሸን ሄድን። ግሸን ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የገባባት፣ ራሷም በመስቀል ቅርጽ የተሠራች አምባ ናት። ዋናው ንግሥ መስከረም 21 ነው፤ እኔ ግን ሕዝቡ ይቀንሳል ብዬ የጥሩን መረጥኩ። ምን ዋጋ አለው፣ አቀበቱ አይቀንስ! ሩቡን እንኳ ሳልወጣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ መምታት ጀመረ። ከንፈሬ ደነዘዘ። ድንጋይ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ምርኩዝ የያዙ አንዲት እናት ሲያልፉ ቆም ብለው ሆዴን አዩና «ማርያም በሰላም ትገላግልሽ ልጄ» አሉኝ።

እርጉዝ አይደለሁም ልላቸው አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው «አሜን» ነው። እሳቸው ሲርቁ አለቀስኩ። እዚያው ተሳልኩ፦ «እመቤቴ፣ ቢላ ሳይነካኝ አቅልጪልኝ። ጃንጥላ አገባልሻለሁ፣ ለሰውም እናገራለሁ።» ጫፍ ሳልደርስ ባለቤቴ ደግፎኝ ወረድን።

አልቀለጠም።

ኅዳር 2016 ሱቄ ውስጥ ቀሚስ እየተኮስኩ ወደቅሁ። ካውያው ጨርቁን አቃጥሎት በጭሱ ነው ጎረቤት የደረሰልኝ። ሆስፒታል ስገባ ሄሞግሎቢኔ፣ ማለት የቀይ ደሜ መጠን፣ 6.8 ሆኖ ተገኘ፤ ለሴት 12 መሆን የነበረበት። ከዚያ ነው እግዚአብሔር የሚያስረዳ ሐኪም የሰጠኝ። ወረቀት ገልብጦ የተዘቀዘቀ ዘይቱን የመሰለ ነገር ሣለ፦ «ይኼ ማሕፀንሽ ነው፣ ጡንቻ ነው። ዕጢዎቹ የሚበቅሉት ከዚሁ ጡንቻ ነው። አንዳንዱ ወደ ውጭ ያድጋል፣ አንዳንዱ ግድግዳው ውስጥ ይቀራል፣ አንዳንዱ ወደ ውስጥ ይገፋል። እያደማሽ ያለው ይኼ ወደ ውስጥ የገፋው ነው።» ትልቁ 9 ሴንቲ ሜትር ነበር። ካንሰር ነው ወይ ስለው እንዲህ ዓይነቱ ዕጢ ካንሰር ሆኖ የሚገኘው ከሺህ አንድ እንኳ እንደማይሞላ፣ ብዙ ሴቶችም ይዘውት ሳያውቁት እንደሚኖሩ ነገረኝ። ካላስቸገረ አይነካም አለኝ።

«በራሱ አይቀልጥም?» አልኩት።

«የወር አበባ በዕድሜ ሲቋረጥ ይሟሽሻል። አንቺ ግን 35 ዓመትሽ ነው። እስከዚያ የምታፈሽውን ደም ከየት እናመጣለን?»

ሁለት መንገድ አስቀመጠልኝ። ዕጢዎቹን ብቻ ለቅሞ ማሕፀኑን መተው፤ ይህ የመውለድን ተስፋ ያቆያል፣ ግን ብዙ ሊያደማ ይችላል፣ ዕጢውም ዳግመኛ ሊበቅል ይችላል። ወይም ማሕፀኑን ማውጣት፤ ያ ነገሩን ከሥሩ ይዘጋዋል። «ወስነሽ ነዪ» አለኝ። የመጀመሪያው ሐኪም ወስኖልኝ ስለነበር ጠላሁት፣ ይኼኛው ሳይወስንልኝ ሲቀር ደግሞ ተናደድኩ። ሰው ስንባል!

ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፣ «ተይ፣ ታገሺ» እንዲሉኝ ነበር የሄድኩት።

«አባ፣ ምልክት እስኪታየኝ ልጠብቅ?»

«ደሙስ ምልክት አይደለም?» አሉኝ። ከዚያ ወደ በሩ አየት አድርገው ማንም አለመኖሩን አረጋገጡና ቀሚሳቸውን ከቀኝ ጎናቸው ገለጥ አደረጉት። ጠባሳ። «የሐሞት ጠጠር ነበር። ያን ዕለት የጸለይኩት የሐኪሙ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ብቻ ነው። አንቺም እሱን ጸልዪ፣ እኔም እጸልይልሻለሁ። ሂጂ።» መስቀል አሳለሙኝ።

ዕጢው ብቻ እንዲወጣ ወሰንኩ። ሐኪሙ ግን «ደምሽ 10 ሳይደርስ አልነካሽም» አለ። የሚፈሰውን ደም የሚቀንስ ኪኒንና የብረት ኪኒን ጀመርኩ። ብረቱ ሰገራ ያጠቁራል፣ ሆድ ያደርቃል፤ ያ ሁሉ ይቻላል። ያልተቻለው ሌላ ነው፦ ቡናና ሻይ ብረቱን ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋሉ፣ አራርቂው ተባልኩ። በወሎ ግቢ ውስጥ ከቡና መራቅ ኩርፊያ ነው፣ ሽማግሌ ያስልካል! የግቢያችን ትልቋ እማማ ሙስሊም ናቸው። በየቀኑ አቦል ቶና በረካውን አድርሰው ሲቀዱ የኔን ፍንጃል ባዶውን ረከቦቱ ላይ ያስቀምጡታል። «ይቆይላት፣ ስትድን ትጠጣበታለች» ይላሉ። ዱዓ ሲያደርጉ እጃቸውን ወደዚያ ባዶ ፍንጃል ዘርግተው ነው። «አብሽሪ፣ አላህ አፊያሽን ይመልስልሽ» ይሉኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ። አሜን የማልልበት በር አልነበረኝም ያኔ።

የካቲት ላይ 10.4 ደረስኩ። ቀረ የተባለው ደም ብቻ ነው። ለቀዶ ጥገናው ሁለት ከረጢት ያስፈልጋል፣ የኔ ደም ደግሞ ኦ ኔጌቲቭ። ኦ ኔጌቲቭ ለሁሉም ይሰጣል፣ የሚቀበለው ግን ከራሱ ዓይነት ብቻ ነው፤ በእኛ አገርም ጥቂት ሰው ነው ያለው። አንዱ ከደም ባንክ ተገኘ። ለሁለተኛው ባለቤቴ ተመረመረ፣ ወንድሞቼ ተመረመሩ፣ የዕድራችን ሰዎች ሄዱ። የለም። ቀጠሮዬ አንድ ጊዜ ተላለፈ።

በዚያ ዓመት የእኛ ዐቢይ ጾምና የእነሱ ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ፣ መጋቢት 2፣ ሰኞ። ግቢው በሙሉ ጾመኛ ሆነ፣ የቀን ጭስ ጠፋ። በዚያ ሳምንት የእማማ ልጅ፣ ባጃጅ የሚነዳው፣ ሱሪውን ሊያሳጥር መጥቶ «እትዬ፣ ምን ዓይነት ደም ነው የሚፈልጉብሽ?» አለኝ። ነገርኩት። ከኪሱ ቦርሳውን አወጣ፣ ከመንጃ ፈቃዱ ጀርባ የደም ለጋሽ ካርድ መዘዘ። ኦ ኔጌቲቭ። ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ግቢ ስንኖር፣ በአንድ ቧንቧ ስንቀዳ!

በማግስቱ ሄዶ ሰጠ። ባለቤቴ አብሮት ነበር። ከሰጠ በኋላ ነርሷ ጁስ ስትዘረጋለት «ማታ እጠጣዋለሁ» አላት። እሷም የዋዛ አይደለችም፣ «ሳትጠጣ ከዚህ አልጋ አትነሣም» አለች። ተፋጠጡ። በመጨረሻ «በቃ ቀዷ አወጣዋለሁ» ብሎ ጠጣው። ከዒድ በኋላ አንድ ቀን ለብቻው ጾመልኝ ማለት ነው።

የመጋቢት 10 ተራ ደረሰኝ። ቀኑን የመረጠው ወረፋው ነው፤ እኔ አላሰብኩትም። ከጎኔ የተኛች የወረኢሉ ሴት ናት «ነገ እኮ መስቀሉ የወጣበት ነው» ያለችኝ። ንግሥት እሌኒ መስከረም 17 ቁፋሮ አስጀምራ መጋቢት 10 አገኘችው ይባላል። እንግዲህ እኔም የምቆፈረው በዚያ ቀን ነው ብዬ ሳቅሁ፣ ስስቅ ሆዴ ተንቀጠቀጠ።

ሳቁ የስምምነት ወረቀቱ ሲመጣ ቆመ። «የደም መፍሰሱ ካልቆመ ሕይወትን ለማትረፍ ማሕፀን ሊወጣ ይችላል» ይላል። ከዚያ በታች ለፊርማ የተተወ መስመር አለ። እስክሪብቶውን ይዤ ቆየሁ። ባለቤቴ ግድግዳውን ነው የሚያየው፤ ይህን ያህል ጊዜ አብረን ኖረን እንዲያ ዝም ብሎ አላውቅም። «አቅልጪልኝ» የምትለዋ ጸሎቴ አፌ ላይ መጣች፣ ግን አልወጣችም። የወጣችው ሌላ ናት፦ «የምትተዪልኝ ይበቃኛል።» ከየት እንደመጣች አላውቅም። እንዲህ ብዬ ጸልዬ አላውቅም ነበር። ፈረምኩ፣ ያን ሌሊትም ተኛሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልተኛሁትን እንቅልፍ።

ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ መርፌ ነው የተወጋሁት፣ ስለዚህ እሰማለሁ። የሚያወጡትን የብረት ሳህን ላይ ሲጥሉት ዷ ይላል። አልትራሳውንዱ አምስት ነው ያለው። እኔም እቆጥራለሁ። አምስት ሲል «ተፈጸመ» አልኩ። ስድስተኛው ሲወድቅ ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ ድምፃቸው ተቀየረ፣ ቃላቸው አጠረ። ሰመመን ሰጪው «ሁለተኛውን ስቀል» ሲል ሰማሁና አንገቴን ዘወር አደረግሁ። ቀይ ከረጢት ተሰቅሏል። የዚያ ልጅ ደም ይሁን የሌላ ሰው አላውቅም፤ ከረጢቱ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። ጠብ ጠብ ሲል እያየሁ «የምትተዪልኝ ይበቃኛል» እላለሁ።

ጠዋት ሐኪሙ ሲዞር መጥቶ አልጋዬን ያዝ አደረገና «ሰባት አወጣን። ማሕፀንሽ ቦታው ላይ ነው» አለኝ። «ከጠበቅነው በላይ ደምተሽ ነበር። ሁለተኛው ከረጢት ባይኖር አወጣው ነበር።» በምን ክር ሰፋችሁት ብዬ ጠየቅሁት፤ ሙያ ነው፣ አይለቅም። በራሱ የሚቀልጥ ክር ነው አለኝ። እዚያ ላይ ነው የሳቅሁት፣ ስፌቱ አመመኝ። መቅለጡስ ቀለጠ፣ የቀለጠው ክሩ ሆነ እንጂ!

ለምርመራ የተላከው ናሙና ከሳምንታት በኋላ ንጹሕ ሆኖ መጣ። ቤት ስገባ የግቢው ሴቶች እንደ አራስ ገንፎ አገነፉልኝ፣ ጾም ስለሆነ በተልባ። ፀሐይ ስትጠልቅ እማማ ቴምር ይዘው መጡ፣ እሳቸው በቴምሩ አፈጠሩ፣ እኔ ገንፎዬን በላሁ። ፍንጃሌ ተሞላልኝ።

ይህን የሰማ ሁሉ መጨረሻ ላይ «ከዚያስ ወለድሽ?» ይለኛል። አልወለድኩም። ሐኪሙ ዓመት ጠብቂ፣ ካረገዝሽም በቀዶ ጥገና ነው የምትወልጂው ብሎኛል። ዓመቱ አልፏል፣ እኛም በእግዚአብሔር እጅ ነን። እኔ የምመሰክረው ስለ ሁለተኛው ከረጢትና ስለዚያች አዲስ ጸሎት ነው።

ጃንጥላውን ራሴ ሠራሁት። ትልቅ የዝናብ ጃንጥላ ገዝቼ ጨርቁን ገፈፍኩና ቀይ ከፋይ አለበስኩት፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ሰፋሁበት። መንገዱ ሲመቸኝ ይዤው ግሸን እወጣለሁ፣ አሁን በእግሬ። እስከዚያ በነጭ አንሶላ ተጠቅልሎ ሱቄ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሏል። ባለፈው ሐምሌ ያ ዝናብ ሲወርድ ባለባጃጁ ውሃ እየተንጠባጠበበት ገባና ቀና ብሎ አየው።

«እትዬ፣ ይኼ ጃንጥላ እስከ መስከረም ሥራ ፈት ነው አይደል?»

«ንካውና ደምህን እመልስልሃለሁ» አልኩት።