ጎርፍ የገባባትን ባጃጅ ሞተሯን ሳይሰብሩ መጎተት

ድሬዳዋ ላይ ጠብ ሳይል ከተማዋን የሚያቋርጠው አሸዋማ ወንዝ ደቻቱ ይሞላል፤ ዝናቡ ያለው ከላይ፣ ከደጋው ነው። የባጃጅ ሞተር ከኋላ ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ አሸዋው ላይ የቆመች ባጃጅ ቶሎ ውሃ ትጠጣለች። ሞተሩን የሚሰብረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጎርፉ ሳይሆን ማርሽ አስገብቶ እየጎተቱ ለማስነሳት መሞከር ነው። ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፣ ፒስተኑ ሊያምቅ ሲወጣ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ውሃ አልታመቅ ይለዋል፣ ቢየላው (ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ) ይጣመማል። የተጣመመ ቢየላ ለጊዜው ሊሠራ ይችላል፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ማንኳኳት ይጀምርና ካርተሩን (የሞተሩን የታች ቅርፊት) በስቶ ይወጣል።

ውሃው ሳይጎድል አልገባም። ጎርፉ ብዙ ሰው የፈጀበትን የ1998ን ክረምት የሚያስታውስ ሰው ለባጃጅ ብሎ ደቻቱ ውስጥ እግሩን አያስገባም።

መጀመሪያ ቁልፉን አጥፍቼ የባትሪውን ኔጌቲቭ እነቅላለሁ፤ «እስቲ አንዴ» ብሎ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) የሚነካ ሰው አይጠፋም። ቀጥሎ ፎሌ (ከማርሽ ነጻ) አስገባለሁ። በእጅ ስገፋት ጎማው እየዞረ ሞተሩ ዝም ካለ ፎሌ ገብታለች። ማርሹ ከነከሰ ካንዴላውን (ሲሊንደሩ ላይ ያለውን የእሳት ብልጭታ ሰጪ) ሳልነቅል አላነቃንቃትም፤ ቀዳዳው ሲከፈት ውሃው መውጫ ያገኛል። ማርሽ እንደገባ ፍሪሲዮን (ክላች) ይዞ መጎተትን አላምንበትም፤ እጅ አንዴ ካመለጠ ሞተሩ ይዞራል።

ገመዱ ከ4 እስከ 5 ሜትር ይሁን፣ የሚታሰረውም ከመሪው ሳይሆን ከፊት ሹካው ግርጌ ነው። ኩሬ ካለ በሰው እርምጃ ፍጥነት አወጣታለሁ፤ በፍጥነት ሲጎትቷት የሚነሳው ማዕበል አየር ማጣሪያው ውስጥ ይገባል። አስፋልት ላይ በሰዓት ከ20 ኪ.ሜ. አላልፍም፤ የረጠበ ፍሬን ደግሞ ደጋግመው ካልረገጡት አይዝም።

ቤት ስትደርስ ሁለት ሰዓት ያህል ሳልነካት አቆያታለሁ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ታች ይዘቅጣል፤ የዘይት መፍሰሻውን ብሎን ስፈታ ቀድሞ ቡናማ ውሃ፣ ከዚያ ዘይት ይወርዳል። ከዚያ አየር ማጣሪያውን አወጣለሁ። ወደ ካርቡራተር በሚወስደው ቱቦ ውስጥ ጣቴን ስሰድ አሸዋ ከነካኝ እዚያው አቆማለሁ፤ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ሳይከፈት አትዞርም። ንጹሕ ከሆነ የካርቡራተሩን ጎድጓዳ አፈስሳለሁ፣ ካንዴላውን ነቅዬ ሞተሩን በእጅ ቀስ ብዬ አዞራለሁ፤ ውሃው በቀዳዳው ፊን ብሎ ይወጣል፤ ፊት አስጠግቶ ማየት አያስፈልግም። መትፋቱን ሲያቆም በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት አንጠባጥባለሁ። ይህ ሁሉ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት፤ ካደረ ሲሊንደሩ ይዝጋል።

አዲስ ዘይት እስከ መለኪያው ሞልቼ አምስት ደቂቃ ያህል ያለ ጭነት አስነሳለሁ፣ አጥፍቼም መለኪያውን አያለሁ። ዘይቱ እንደ ሆጃ (በወተት እንደሚፈላው የቡና ገለባ) ከነጣ ውሃ ቀርቷል ማለት ነው፤ አፍስሼ እንደገና እሞላለሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ መቀየር የተለመደ ነው። የፍሬን ታምቡሮቹም ይከፈታሉ፤ የደቻቱ አሸዋ እዚያ ከቀረ የፍሬን ሸራውን ይበላዋል።