ሻሽ ያሰረችው ልጅ

በሰሜናዊ ኔዘርላንድስ ወዳለው ዌስተርቦርክ የሄድኩት ለአንዲት ልጅ ብዬ ነው። ቦታው ናዚዎች ሰዎችን አጉረው በባቡር ወደ ሞት ካምፕ የሚልኩበት ማቆያ ነበር።

ሙዚየሙ ውስጥ፣ ያኔ በካምፑ የተቀረጸውን ፊልም ደጋግሜ አየሁት። ድምፅ የለውም። ልጅቷ የምትታየው ለጥቂት ሰከንድ ነው። በፉርጎው በር ክፍተት ቆማ ወደ ውጭ ታያለች። መጀመሪያ ሻሽ ያሰረች መስሎኝ ነበር፤ የሰፈራችን ልጆች እንደሚያስሩት። ሻሽ አይደለም። ፀጉሯን ላጭተዋት በአንሶላ ቅዳጅ ነው የሸፈነችው።

ቀኑ እ.ኤ.አ. ሜይ 19፣ 1944 ነው። ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ሙሉ ዓለም አዘነላት። ፊቷ በየመጽሐፉና በየዘጋቢ ፊልሙ ወጣ። ስሟን የሚያውቅ ግን የለም። ሁሉም አይሁዳዊት ናት ብሎ አመነ። በ1994 አድ ዋኸናር የተባለ ጋዜጠኛ ፈልጎ ፈልጎ ደረሰበት። ልጅቷ ሲንቲ ናት፤ ሰው «ጂፕሲ» ከሚለው ከሮማ ሕዝብ ወገን። ስሟ ሴተላ ስታይንባክ፣ ዕድሜዋ 9። ያን ቀን ከዚህ ወደ አውሽዊትዝ የሞት ካምፕ ከተጫኑት 245 ሮማና ሲንቲ አንዷ ነበረች። እዚያው ተገደለች።

ስሟን ለጋዜጠኛው የነገረችው አብራት በዚያው ፉርጎ ተጭና የተረፈች ሴት ናት። የልጅቷ እናት «ሴተላ» ብላ ስትጠራት፣ ከበሩ ራቂ ስትላት ሰምታለች።

ይሄ ነገር አልለቀቀኝም። እኔ ራሴ «ጂፕሲ» የሚለውን ቃል የማውቀው ከፊልም ነው፤ ስትጨፍር፣ እጅ ስታነብ፣ ኪስ ሲያወልቅ። አንጀት የሚበላ ፊት ሲታይ ግን «ሮማ ትሆን?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ክፉው ሥዕል ሲሆን ማስረጃ አይጠየቅም። በ2013 ግሪክ ውስጥ አንዲት ቢጫ ፀጉር ልጅ ከሮማ ቤተሰብ ጋር ተገኘች ተብሎ ቲቪው ሁሉ ስለ ተሰረቀች ልጅ ሲያወራ ሰነበተ። ወዲያው አየርላንድ ውስጥ ፖሊስ ሁለት ሕፃናትን ከሮማ ወላጆቻቸው ነጥቆ ወሰደ። መልካቸው ፈካ ያለ ስለሆነ ብቻ! ዲኤንኤ ሲመረመር የገዛ ልጆቻቸው ናቸው። የግሪኳም ልጅ ወላጆች ቡልጋሪያ የሚኖሩ ሮማ ሆነው ተገኙ። እነዚያ ልጆች አድገው ያን ዜና ሲያዩ ስለራሳቸው ምን ይሰማቸው ይሆን?

ካምፑ ከሙዚየሙ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በጫካው መሃል በእግሬ ሄድኩ። ሜዳው ላይ 102,000 ድንጋዮች ተተክለዋል፤ ለያንዳንዱ ላልተመለሰ ሰው አንድ። የአይሁዶቹ ላይ ኮከብ፣ የሮማና የሲንቲዎቹ ላይ ነበልባል አለ። ጎንበስ ብዬ ነበልባል ስፈልግ ቆየሁ። ኮከብ፣ ኮከብ፣ አሁንም ኮከብ። አንዱን ሳገኝ ጣቴን አሳረፍኩበት። ዝናብ ነክቶት ቀዝቅዟል።