ጸጥታ ይከበር

የኦርኬስትራው መሪ ከአዲስ አበባ ከመነሳቱ በፊት ደውሎ አንድ አደራ ብቻ ሰጠኝ፦ «ልጆቹ ጸጥ ይበሉልኝ።» እኔም አደራውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ለትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህር አደረስኩ።

ቲምፓኒውን፣ ማለትም ትልቁን የኦርኬስትራ ከበሮ፣ በአይሱዙ ጭነን፣ የግቤን ቁልቁለት አሳልፈን ጅማ ድረስ ያመጣነው ለአንድ ምት ሲባል ነው ማለት ይቻላል። የኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ የሃይድን 94ኛ ሲምፎኒ፣ ሁለተኛው ክፍል። ቫዮሊኖቹ እሹሩሩ የምትመስል ዜማ በቀስታ ይጀምራሉ፤ ይደግሟታል፤ ሲደግሟት ጭራሽ ድምፃቸው ሊጠፋ ይደርሳል፤ ከዚያ 16ኛው ባር (የዜማው ምት መለኪያ) ላይ ኦርኬስትራው ከነቲምፓኒው ቧ! ለንደን ላይ እ.ኤ.አ. በ1792 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማ ቀልድ ነው፤ እስከ ዛሬ ልጅ ፊት ከሽፎ አላየሁም ነበር።

የጠዋቱ ፈረቃ ገባ። ምክትሉ ልምጩን ይዞ በአግዳሚዎቹ መሀል ይመላለሳል። ልጆቹ እጃቸውን አጣምረዋል። ቧ! የፊተኛው መደዳ ላይ ያለች ልጅ ትከሻዋ ዘለለ፤ ግን ዞራ ያየችው ቲምፓኒውን ሳይሆን ምክትሉን ነው። ወዲያው ከንፈሯን ነክሳ እንደ ነበረች ሆነች። አንድም አልሳቀ።

«ልጆቹን ምን አድርጋችኋቸው ነው?» አለኝ መሪው በእረፍት ሰዓት፣ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ።

«ጸጥ አድርገናቸው ነዋ፣ ጋሼ።»

«ጸጥ ይበሉ አልኩ እንጂ ይሙቱ አልኩ? ቀልዱ እኮ አልገባቸውም!»

«ገብቷቸዋል። ልምጩም ገብቷቸዋል።»

«ሃይድን ይቺን የጻፋት የተኛ ለመቀስቀስ ነው! እነዚህን ግን ማን ይቀስቅሳቸው?»

ይኼንን ሁሉም ይለዋል። ሃይድን ግን ሲጠየቅ አይደለም ብሏል፤ ፍላጎቱ ሕዝቡን ባልጠበቀው አዲስ ነገር ማስደነቅ ነበር። ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ የውሎ አበል ፎርሙን ገና ስላላስፈረምኩት ተውኩት።

ከሰዓት ምክትሉ ስብሰባ ተጠርቶ ሄደ። የግንቦት ዝናብም ቆርቆሮውን ይወቅጠው ጀመር። ዜማዋ ስትደገም ምንም አልተሰማም፤ ቀስቶቹ ብቻ ሲንቀሳቀሱ ይታያል። ከዚያ ዝናብ መሀል ቧ! አዳራሹ ተናጋ። አንዱ ጓደኛው ላይ ይወድቃል፣ አንዱ እግሩን ይመታል፣ ከኋላ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም «ይደገም!» ይባላል። መሪው ፊቱ በራ፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና ከመጀመሪያው አስጀመረ።

ልጆች ናቸው፤ አሁን መንገዱን አውቀውታል። ዜማዋ ስትቀንስ እርስ በርስ እየተጠቃቀሱ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። አንድ ባር ቀድመው፣ አዳራሹ በአንድ ጉሮሮ «ቧ!» አለ። ቲምፓኒ መቺው በሳቅ ፈርሶ የራሱን ምት ሳተ። ቫዮሊኖቹ አንድ በአንድ ቆሙ።

መሪው ዱላውን ማስቀመጫው ላይ አኖረና በልጆቹ ራስ ላይ አሻግሮ ፈለገኝ።

«ያ ምክትል የት ሄደ?» አለኝ።

ለለጋሾቹ በሄደው ሪፖርት ላይ የወጣው የጠዋቱ ፎቶ ነው። ከሥሩ «ተማሪዎች በከፍተኛ ተመስጦ ሲከታተሉ» ይላል። የከሰዓቱንም ልኬ ነበር፤ ዋናው ቢሮ «ሥርዓት የጎደለው ይመስላል» ብሎ መለሰልኝ።